የኋላው በር

ኮራሊ ድስቱን ከፍ አድርጋ ከሥሩ ተመለከተች። ስም የለበትም።

«ይኼስ የማን ነው?»

በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሻይ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። እዚህ ዊራባ በምትባል የገበሬ ከተማችን ለቅሶ ቤት ምግብ የሚያመጣ ሰው ከዕቃው ሥር ፕላስተር ለጥፎ ስሙን ይጽፍበታል። ሐዘንተኛ የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ ለመለየት ልብ የለውምና ነው። ጠረጴዛውን ከሞሉት ድስቶችና ትሪዎች ሁሉ ባለሰማያዊ ክዳኑ ብቻ ስም አልነበረውም። ነበረውስ ነበረው፤ ግን ፕላስተሩ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

«ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት» አለች ኮራሊ። «ያመጣውን ሰው አላየሁም።»

«ስሙን የደበቀ ሰው ሌላ ምን እንደደበቀ በምን ታውቂያለሽ?» አለች ግሌኒስ። ግሌኒስ የሟቹ የዴስ ታላቅ እህት ናት፤ ወንድሟ ካረፈ ጀምሮ ቤቱን እንደ ጦር አዛዥ ተረክባዋለች። «ለውሻው ስጪው። እኔ በዚህ ሰሞን እጁን የማላውቀው ሰው የሠራውን አልቀምስም።»

ማንም አልሳቀባትም። ዱሮ ቢሆን የከተማው መሳቂያ ትሆን ነበር። የመንግሥት ሰዎች የኒውክሌር ቆሻሻ የሚቀበርበት ቦታ ፍለጋ ወደ ዊራባ ከመጡ ወዲህ ግን ሰው ጎረቤቱ ያፈላውን ሻይ እንኳ አሽትቶ ሆኗል የሚጠጣው። ያለን አንድ ዳቦ ቤት ነው፤ «እምቢ» ባዮች ጠዋት ይገዛሉ፣ «እሺ» ባዮች ከሰዓት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም በግራና በቀኝ ተከፋፍለው ነው የሚቀመጡት። ምስኪኑ ፓስተር ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ስለሚቸግረው ጣራ ጣራውን እያየ ይሰብካል።

ኮራሊ ወጣችና ድስቱን ለውሻው ገለበጠችለት።

ሴቶቹ ተሰናብተው ሲሄዱ ግሌኒስ ወንበሯን አስጠጋች።

«ኮሊን ያየውን ነገረሽ?»

«የቱ ኮሊን?»

«እህል ጫኙ ነዋ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሐዲዱ ዳር ሲያልፍ አምቡላንሱ በማሳችሁ ድንበር ካለው ከኋላው በር አጠገብ ቆሞ አይቶታል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ያ ጎረቤትሽ ሮይስ ወርዶ ቆሟል። ቆሟል ነው የምልሽ! ወንድሜ እዚህ ነፍሱ ስትወጣ እሱ እዚያ ነፋስ ይቀበላል።»

ኮራሊ እጆቿን አሻሸች። የእጆቿ አንጓ ያማታል። ዴስ ከመዝሪያ ማሽኑ አጠገብ የግሪስ ጣሳውን እንደያዘ ሲወድቅ ደረቱን እየተጫነች የቆየችው እሷ ናት። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጣዋለች፤ ከሩቅ ከተማ የምታናግራት የአደጋ ጥሪ ተቀባይ ልጅ «አምቡላንሱ ተነሥቷል፣ እንዳታቋርጪ» ትላታለች። አላቋረጠችም። እየተጫነች ቀና ስትል ከስንዴው ማሳ ባሻገር የሮይስ ቤት ጣራ ሲያብረቀርቅ ይታያታል። ተረኛው ሮይስ ስለነበረ አምቡላንሱ የሚያድረው እዚያው እሱ መጋዘን ውስጥ ነው። በኋላው በር አቋርጦ ለሚመጣ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። እሱ ግን አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ዳር ዳሩን ዞሮ፣ በአስፋልቱ በኩል መጣ። ያን ጊዜ የዴስ ከንፈር ከሰል መስሎ ነበር።

«አንዱ የፊት መብራቱ ተሰብሮ ነበር» አለች ድንገት።

«የምኑ?»

«የአምቡላንሱ።»

«ታዲያ ሰክሮ ነበራ!» ግሌኒስ ጠረጴዛውን መታችው። «ጠጥቶ ነው የመጣው! አየሽ? የፊታችን ሐሙስ ቀብሩ ላይ ደግሞ ልማድ ነው ብሎ ሬሳውን በአምቡላንስ ልውሰድ እንዳይልሽ። እኔ ከወደብ ከተማ የሬሳ መኪና አዝዣለሁ። ያ ሰው ወንድሜን የሚጭነው እኔ ስሞት ነው።»

ልማድስ ነበር። በዊራባ በእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኝነት ያገለገለ ሰው ሲሞት በእሳት አደጋ መኪና፣ በአምቡላንስ ያገለገለ በአምቡላንስ ነው የሚሸኘው። ሬሳው መጀመሪያ በገዛ ማሳው በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ወደ መቃብር። የሚነዳውም አብሮት የሠራው ሰው ነው። የዴስ ደግሞ ሮይስ ነው፤ ሌላ ማን ነበረና።

ሁለቱ አምቡላንሱን ሲይዙ ጎልማሶች ነበሩ። ደመወዝ የለውም። ሐኪም ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሮይስ ይነዳል፣ ዴስ ከጎኑ ይቀመጣል። በእኛ አገር ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ወርዶ የማሳ በር ይከፍታል፤ መኪናው ካለፈ በኋላም እንዳገኘው አድርጎ ይተወዋል፣ ዝግ ከነበረ ይዘጋል፣ ክፍት ከነበረ ክፍቱን ይተዋል። ዴስ በሩን ዘግቶ ሲመለስ ቁጭ ይልና ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ የመኪናውን በር ከውጭ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። «ንዳው» ማለቱ ነው። የሮይስና የሚስቱ የኔሪዳ ብቸኛ ልጅ አስም አፍኗት መንገድ ላይ ስታርፍ ትንፋሽ ሲሰጣት የነበረው ዴስ ነው። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ድረስ እንደሞተች ለአባቷ አልነገረውም፤ እየነዳ ነበርና። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ዐይንና ናጫ የሆኑት።

ነገሩ የፈረሰው በከተማው አዳራሽ ነው። ከዋና ከተማ የመጣው ሰውዬ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ ስለ ቆሻሻው ቀብር ሲያስረዳ «አደጋ ቢደርስ ቀድሞ የሚደርሰው የአካባቢው የአምቡላንስ ቡድን ይሆናል» አለ።

ዴስ እጁን አወጣ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ያ ቡድን እኔና ሮይስ ነን። እኔ ለሽንት ሌሊቱን ሙሉ ስነሣ ነው የማድረው፣ የሮይስ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ያንን ጉድ የጫነ መኪና የተገለበጠ ዕለት እኛን ነው የምትጠሩት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሮይስ ብቻ አልሳቀም። ተነሣና «ለዚህ እኮ ነው እሺ ማለት ያለብን» አለ። «እሺ ካልን ደመወዝ የሚከፈላቸው የአምቡላንስ ሠራተኞች ያመጡልናል። ሐኪም ያመጡልናል። እኔ ከሐዲዱ በላይ ያለውን ማሳዬን ሰጥቻለሁ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ያ ማሳ ከዴስ አጥር ጋር የተያያዘ ነው።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?» አለ ዴስ።

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር?»

በማግሥቱ ዴስ አረንጓዴ የደንብ ልብሱን አጣጥፎ መለሰ። «ከሱ ጎን አልቀመጥም» አለ። «ደግ አደረግክ» አለችው ኮራሊ፤ ከልቧ ነበር ያለችው። ቦታውን የሚተካ ጠፋ። አልፎ አልፎ የከተማው አስተማሪ አብራው ትወጣለች። ዴስ በወደቀበት ማክሰኞ አስተማሪዋ ተማሪዎች ይዛ ባሕር ዳርቻ ሄዳ ነበር።

ሴቶቹ በሄዱ ዕለት ከሰዓት በኋላ የቀብር አስፈጻሚው የዴስን ዕቃዎች በከረጢት አምጥቶ ሰጣት። ሰዓቱ፣ ሰንጢው፣ የቁልፍ መያዣው። መያዣው ዓሣ የሚመስል የጠርሙስ መክፈቻ ነው፤ በዊራባ ሠርግና ልደት በዚያ ዓሣ ያልተከፈተ ቢራ የለም። ኮራሊ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። የፒክአፑ፣ የመጋዘኑ፣ የነዳጅ ታንከሩ። አንዲት አዲስ ትንሽ የነሐስ ቁልፍ አለች፤ እሷን አታውቃትም።

«የምን ናት?» አለች ግሌኒስ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ።

«እንጃ።»

ግቢውን ዞረው ጓጉንቸር ያለበትን ሁሉ ሞከሩ። በአንዱም አልገባች።

«ወንድሜ እኮ የቤቱን በር እንኳ አይቆልፍም ነበር» አለች ግሌኒስ ቀስ ብላ። «ምን ቆልፎ ይሆን? ወደብ ከተማስ ቶሎ ቶሎ የሚሄደው ለምን ነበር?»

«ለጥርሱ።»

«እንግዲህ ለጥርሱ ይሁን።»

ኮራሊ ጠላቻት። ከዚያ ደግሞ ራሷን ጠላች፤ ነገሩ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ነበርና። ጥርጣሬ አንዴ ደጅ ከረገጠ ሙት አይምርም። ባሏ የት ያመሽ እንደነበር፣ ምን ሲጠየቅ ዝም ይል እንደነበር ስታስብ አደረች። እንባዋም በዚያ ምክንያት እምቢ አላት፤ ለማን እንደምታለቅስ ሳታውቅ እንዴት ታልቅስ።

ጠዋት በረንዳው ላይ ሌላ ድስት ተቀምጧል። ይኼም ስም የለውም። በንዴት ክዳኑን ገለጠችው። የተፈጨ ሥጋ በድንች ነው፤ አተር የለበትም።

ደርቃ ቀረች። ይህን ምግብ ያለ አተር የሚሠራ ሰው በዊራባ የለም። ዴስ ግን አተር አይወድም ነበር፤ እንደ ሕፃን እየለቀመ የሳህኑ ዳር ላይ ይደረድረዋል። ይህንን የሚያውቁት ሦስት ሴቶች ናቸው። እሷ፤ ግሌኒስ፣ እሷ ደግሞ ለማስለመድ ብላ እጥፍ አድርጋ ነው የምትጨምረው፤ ሦስተኛዋ በአጨዳ ወቅት ስታበላው የኖረችው የሮይስ ሚስት ኔሪዳ ናት።

«ገድለውት ሊያበሉኝ!» አለች ኮራሊ ብቻዋን ጮክ ብላ።

ድስቱን ፒክአፑ ውስጥ ወረወረችውና ሞተሩን አስነሣች። ደጃፋቸው ላይ ልትከሰክሰው ነበር። በአስፋልቱ ለመዞር ትዕግሥት ስላልነበራት በማሳው መሐል ቀጥ ብላ ወደ ኋላው በር ነዳች። ከጠቡ ወዲህ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም።

በሩ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች።

ያ በር ድሮ በቀለበት ሽቦ ነበር የሚያዘው፤ ልጅም በአንድ ጣቱ ይከፍተዋል። አሁን ክንድ የሚያህል አዲስ ሰንሰለት በሐዲድ ብረት ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ወረደች። በሩ መሐሉ ላይ ወደ እሷ ወገን ጎብጧል፤ ከወዲያ ማዶ የሆነ ከባድ ነገር መትቶታል። መሬቱ ላይ የመብራት ስብርባሪ ተበትኗል። የጎማ መፍቻ ብረት ተጣሞ ሣሩ ውስጥ ወድቋል። ሰንሰለቱ በብዙ ቦታ ተፋፍቋል፣ አንዱ ዘለበት ላይም ደም ደርቆበታል።

መጀመሪያ ያሰበችው ሮይስ ቆልፎት ነው ብላ ነው። የራሱን ማሳ ለቆሻሻው አጥሮ ይሆናል። ግን ሰው ራሱ የቆለፈውን በር በመኪና ይገጫል? ጓጉንቸሩን ገለበጠችው። የተንጠለጠለው በእሷ ወገን ነው፣ በዴስ ማሳ በኩል።

የቁልፍ መያዣውን ዓሣ ከኪሷ አወጣች። ትንሿን ቁልፍ ሞከረቻት። ቁልፏ ገባች፤ ዞረች፤ ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

ኮራሊ ትቢያው ላይ ቁጭ አለች። «ከቆሻሻው ሰዎች አንድ ጎማ በመሬቴ ላይ አያልፍም» ይል ነበር ዴስ፤ እሷ ወሬ ብቻ መስሏት ነበር። ቆለፈ። ለእሷም አልነገራትም። በአንድ በኩል ሌላ ሴት እንዳልነበረ ስላወቀች ደስ አላት፤ ያ ደስታ ደግሞ አሳፈራት።

«አንተ ግትር ሽማግሌ!» አለች። «አንተ ደደብ! የምትድንበትን በር?»

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ፊቷን በቀሚሷ እየጠረገች ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ፒክአፑን አሳለፈችና በሩን እንዳገኘችው መልሳ ቆለፈችው።

ኔሪዳ ደጁን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ድስቱን ነው።

«ስሜን ካየሽ አትበዪውም ብዬ ነው» አለች።

«የመጀመሪያውን ውሻው በላው።»

«ይብላ። እሱም ጌታው ሞቶበታል።»

ሮይስ መጋዘኑ ውስጥ አምቡላንሱን እያጠበ ነበር። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ኮራሊ ቁልፏን ከፍ አድርጋ አሳየችው። አየና ዐይኑን ወደ ባልዲው መለሰ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለችው። «ከተማው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ እያለህ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰካራምም ብለውሃል።»

«እሱስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።» ጨርቁን ጨመቀ። «ምን ልበል? እሱ ራሱ ነው የቆለፈው ልበል? ሰውየው ገና አፈር አልቀመሰም። ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ ኮራሊ።»

ጨርቁን ባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ሳትጠይቀው መናገር ጀመረ። «እንደ ወትሮው በሩን ልክፈት ብዬ ወረድኩ። ሰንሰለቱን ሳይ ደሜ ቀዘቀዘ። በብረቱ ታገልኩት፣ አልሆነም። በመኪናው ገጨሁት፣ አልሆነም። መሣሪያውን ተሸክሜ በእግሬ ልሮጥ ብዬ አጥሩን ዘለልኩ፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፣ ማሳው መሐል ወደቅሁ። ስልክ እዚያ አይሠራም። ተመልሼ በአስፋልቱ ዞርኩ።» በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን አየ። «ብቻህን እንዳትወጣ ይላል ሕጉ። ከጎኔ አንድ ሰው ቢኖር አንዳችን እንሮጣለን፣ አንዳችን እንነዳለን። ከጎኔ ማንም አልነበረም። የሱ ቦታ ነው እኮ ባዶ የነበረው።»

ኮራሊ ስሚንቶው ላይ ከባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ዝም ብትል ከተማው ሮይስን እስኪሞት ድረስ ነፍሰ ገዳይ ይለዋል። ብትናገር ደግሞ ዴስን በገዛ እጁ ራሱን የገደለ ግትር ብለው ነው የሚቀብሩት። የባሏ ስም ከሳጥኑ በፊት ሊወድቅ ነው። ሁለቱንም መሸከም አቃታት።

«ሐሙስ የምትነዳው አንተ ነህ» አለች በመጨረሻ።

«ግሌኒስስ?»

«ግሌኒስን ለእኔ ተዋት።»

«ሬሳ ጭኖ ሳለ ሰው ቢታመምስ?» አለች ኔሪዳ ከበሩ ላይ። «ያለን እሱ አንድ መኪና ነው።»

«ዴስን አውርደን መንገድ ዳር እናስቀምጠዋለን» አለ ሮይስ። «ቶሎ ካላወረድነው ራሱ ነው የሚቆጣው።»

ሦስቱም ሳቁ። ኔሪዳ ሳቋን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች።

ሐሙስ ዕለት ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አምቡላንሱ ውስጥ ሲገባ ግሌኒስ እዚያው ደረጃው ላይ ጮኸች። «አብደሻል? የወንድሜን ገዳይ?»

«ከኋላችን ተከተዪ» አለቻት ኮራሊ። «አፍሽን ዘግተሽ ዐይንሽን ክፈቺ።»

ከሮይስ ጎን፣ ባዶ በነበረው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ከተማው በሙሉ መኪናውን አስነሥቶ ተሰለፈ፤ እሺ ባዩም እምቢ ባዩም፣ ተራ የሚያስጠብቅ ስላልነበረ ተደበላልቆ። የዴስን ማሳ ዳር ዳር ይዘው፣ ቤቱን አልፈው፣ ወደ ኋላው በር ሄዱ። መቃብሩ ከሮይስ ማሳ ማዶ ነው።

አምቡላንሱ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ሰልፉ ሁሉ ቆመ። ሰዎች የጎበጠውን በር፣ የመብራቱን ስብርባሪ፣ ሰንሰለቱን አዩ። አንገት በመስኮት መውጣት ጀመረ። «ሮይስ ነው የቆለፈው! እንዳታልፍ ነው!» አለ አንዱ። ኮሊን እህል ጫኙ ከፒክአፑ ወርዶ አፉን ከፍቶ ቆመ።

ሮይስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ኮራሊ፣ ተይው» አለ በሹክሹክታ። «በአስፋልቱ እንዙር።»

«ከጎን የተቀመጠ ነው የሚከፍተው» አለችና ወረደች።

ለለቅሶው የገዛችው ጫማ ትቢያው ውስጥ ሰመጠ። እጇን ኪሷ ከትታ ዓሣውን አወጣች፤ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጋ ያዘችው። ያን ዓሣ የማያውቅ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም። ወሬው በየመኪናው ውስጥ ቀስ በቀስ ሞተ። ትንሿን ቁልፍ ለይታ አስገባች፣ አዞረች፣ ሰንሰለቱን ከምሰሶው ላይ ፈታችና በሩን ወደ ራሷ ሳበችው።

አምቡላንሱ ዴስን ይዞ አለፈና ቆሞ ጠበቃት። እሷ በሩን ይዛ ቆመች። መኪኖቹ አንድ በአንድ በፊቷ አለፉ፤ የሚያያትም ነበረ፣ ዐይኑን የሚሰብርም ነበረ። ግሌኒስ ስታልፍ መስኮቷን ዝቅ አደረገች። እጇን አውጥታ የኮራሊን ክንድ ነካ አደረገች።

የመጨረሻው መኪና ሲያልፍ ኮራሊ በሩን ገፍታ መለሰችው። የድሮው የሽቦ ቀለበት ምሰሶው ላይ ዝጎ አሁንም አለ፤ ያንን በበሩ ብረት ላይ አጠለቀችው። ሰንሰለቱን ተሸክማ በመኪኖቹ ጎን አልፋ አምቡላንሱ ውስጥ ገባችና እግሯ ሥር ጣለችው።

ሮይስ አልነዳም። መሪው ላይ አቀርቅሮ ይጠብቃል፤ ምን እንደሚጠብቅ እሱም ያወቀ አይመስልም።

ኮራሊ ክንዷን በመስኮቱ አወጣችና የመኪናውን በር ከውጭ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።